የነፋስ ድርሻ

በዘር ቤቱ «ሳትማር ዲግሪ ያላት እሷ ብቻ ናት» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ዲግሪ የሚለው ስም የወጣላት ዓይኗን ከማድረቂያው ክፍል ቴርሞሜትር ላይ ስለማትነቅል ነው። «እንደምን አደርሽ?» ሲሏት «አርባ ነው» ብላ የመለሰችበት ጊዜ አለ። የጥድ ፍሬ ማድረቂያውን ለአሥራ ሁለት ዓመት ስትጠብቅ አንድ ጆንያ ዘር አበላሽታ አታውቅም። እንዲህ ያለች ሴት ትሳሳታለች ብሎ ማንም አልጠረጠረም፤ እሷም ራሷን አልጠረጠረችም።

የጥድ ፍሬ እንደ ሌላው ፍሬ የሚገመጥ አይደለም፤ እንጨት ነው። ቅርፊት በቅርፊት ላይ ይደራረብና በየቅርፊቱ ሥር ሁለት ሁለት ዘር አቅፎ፣ በሙጫ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ዛፍ ላይ የሚወጡ ለቃሚዎች ያወርዱታል። ከዚያ ጥላ ሥር፣ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ሦስት ሳምንት ሰንብቶ ውሃው ይወጣለታል። ወደ ሙቀቱ ክፍል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ እዚያ ቀስ እያለ ይከፈትና ክንፍ ያላቸው ዘሮቹ ይራገፋሉ። ቅርፊቱ ሲላቀቅ ጣ፣ ጣ የሚል ድምፅ አለው። ዲግሪ ያን ድምፅ ከዘፈን አብልጣ ትወደው ነበር።

ከለቃሚዎቹ አንጋፋው አባቷ ነው። ፊቱ ጥቁር፣ ቅንድቡና ጢሙ ነጭ ስለሆነ ጋሼ ጉሬዛ ይሉታል። ዕድሜው ስድሳ አራት ነው፤ አርባውን የኖረው ከመሬት በላይ ነው እያሉ ያሙታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ በዘር ቤቱ ግቢ ጥግ፣ ከዳገቱ ግርጌ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ።

የጥድን ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ያስተማራት እሱ ነው። ወንዴውም ሴቴውም አንድ ዛፍ ላይ ናቸው። ወንዴዎቹ ታች ታቹን ይበቅላሉ፤ ጣት አያክሉም፤ ቢጫ ብናኛቸውን ለነፋስ በትነው ይረግፋሉ። ሴቴዎቹ ከላይ፣ ከጫፍ ናቸው።

«ለምን ተለያይተው ተቀመጡ?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«የገዛ ቤቷን ብናኝ አትፈልገውማ። ባሏ ከሩቅ፣ ነፋስ ይዞላት እንዲመጣ ነው የምትፈልገው። ካገኘች በኋላ በሯን ትዘጋለች። ሁለት ዓመት! እናትሽ አንቺን ዘጠኝ ወር ተሸክማ ስንቱን አማረረች፤ ይቺ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጭጭ።»

ለቃሚዎች አንድ ሕግ አላቸው። የትም አልተጻፈም፣ የሚጥሰውም የለም። ከየዛፉ ጫፍ፣ ከመጨረሻው ቅርንጫፍ ላይ ያለው ፍሬ አይነካም። የነፋስ ድርሻ ይሉታል። ያጋባቸው ነፋስ ነው፣ ያጋባ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይሸኝም ባዮች ናቸው። ዲግሪ ይህን የሽማግሌዎች ተረት ነው እያለች ትስቅበት ነበር። ዘር የሚገኘው በሙቀትና በጥንቃቄ እንጂ በነፋስ ቸርነት አይደለም ብላ ታምናለች።

ከሦስት ዓመት በፊት ቅጠል የሚያቀላ በሽታ ዳገቱ ላይ ገባ። ጥዱ ከታች ጀምሮ እየቀላ፣ እየረገፈ፣ እንደቆመ ደረቀ። ከሌላ ቦታ ዘር መጥቶ ችግኝ ተተከለ፤ እሱም በዓመቱ ቀላ። የሚለቀም ሲጠፋ ሌሎቹ ለቃሚዎች ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወሩ። ባለፈው ዝናብ የተራቆተው ዳገት ተንዶ ከግርጌው ያሉ ሦስት ቤቶችን ግድግዳ ጥሶ ገባ፤ አንዲት አሮጊት ከነአልጋዋ ተሸክመው ነው ያወጧት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የእነዲግሪ ቤት ነው። ዳገቱን ቆንጥጦ የሚይዝ ሥር ያስፈልግ ነበር፣ ለዚያም በሽታው የማይደፍረው ዘር። በዚያ ሁሉ ሬሳ መሃል ደግሞ አሥራ አንድ ዛፎች ምንም እንዳልተፈጠረ አረንጓዴ ሆነው ቆመዋል።

የዘር ቤቱ ኃላፊ ማኅተሙ ይባላል። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ከሸሚዝ ኪሱ አይለይም፤ ሲያስነጥሰው እንኳ መጀመሪያ ኪሱን ነው የሚይዘው። አንድ ጠዋት አባትና ልጁን አስጠርቶ ከበላይ የመጣ ወረቀት አነበበላቸው።

«በሽታው እንዳይዛመት ዳገቱ ላይ የቆመ ዛፍ ሁሉ ይቆረጥ ብለዋል።»

«አሥራ አንዱም?» አለች ዲግሪ።

«አሥራ አንዱም። ለምኜ ለምኜ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ዘራቸው ተመርምሮ የሚበቅል ከሆነ እናት ዛፍ ተብለው ይተዋሉ፣ ዳገቱም በእነሱ ዘር ይተከላል። ናሙናው ግን በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ከዚህ መውጣት አለበት።»

ጋሼ ጉሬዛ ከአንዱ ዛፍ አምስት ፍሬ አውርዶ የሞተር ዘይት ያለበት ባልዲ ውስጥ ጣላቸው። የደረሰ ፍሬ ውሃው ስለቀነሰ ይንሳፈፋል፤ ያልደረሰ ይሰምጣል። ሁለቱ ተንሳፈፉ፣ ሦስቱ ሰመጡ።

«አንድ ወር ይቀረዋል» አለ።

«አንድ ወር የለንም አባዬ። ሁሉንም አውርድልኝ። ጫፉንም።»

አባቷ ቀና ብሎ አያት። «የነፋሱንም?»

«ነፋስ ሌላ ጊዜ ይበላል! እኛ ሌላ ጊዜ የለንም። ከጫፍ ያለው ነው ቀድሞ የሚደርሰው፣ ራስህ ነህ የነገርከኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ሲባል አልሰማህም?»

«ጫፉ ቀጭን ነው ልጄ።»

«አንተ እኮ ጉሬዛ ነህ» ብላ ሳቀች። ይቺን ቃል በኋላ ስንት ጊዜ ልትውጣት እንደሞከረች እግዜር ይወቅላት።

አባቷ በሁለት ቀን ዐሥሩን ዛፎች እስከ ጫፋቸው አራቆተ። በሦስተኛው ቀን ወደ አሥራ አንደኛው፣ ዳገቱ አናት ላይ ብቻውን ወዳለው ወጣ። የወገቡን ፍሬ አውርዶ፣ የላዩን አውርዶ፣ ጫፉ ላይ እጁን ሲዘረጋ የረገጠው ቅርንጫፍ ከዳው። ዲግሪ ከታች ሆና ጆንያ እየቋጠረች ነበር። ቅርንጫፉ ሲሰበር ሰማች፣ ቀጥሎ የአባቷን ድምፅ፣ ቀጥሎ የሥጋና የመሬትን ድምፅ። ስትደርስ ዓይኑ ክፍት ነው፣ የዛፍ መውጫ ቀበቶው ተበጥሶ አጠገቡ ወድቋል።

«ጫፉን... አልደረስኩበትም» አላት።

ሐኪሙ ዳሌውን በብረት ጠግኖ፣ ሦስት ወር ከአልጋ እንዳይወርድ ብሎ መለሰው። አልጋውን ዳገቱ በሚታይበት መስኮት ሥር አደረገችለት። ጥፋቷ ሆዷን እየበላው እንኳን ይቅርታ ልትጠይቀው፣ ፊቱን ማየት አቃታት። ይቅርታውን በዘር ልትከፍለው ነበር ያሰበችው፦ ዘሩ ይበቅላል፣ ዛፎቹ ይተርፋሉ፣ የወደቀበትም ነገር ከንቱ አይሆንም።

ፍሬው ጥላ ሥር የሰነበተው ሰባት ቀን ብቻ ነው። በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ አንድም ሳታስቀር፣ ሁሉንም ወደ ሙቀቱ ክፍል አስገባችው። አርባ ዲግሪ። ቀኑ ዋለ፣ ፍሬው ጭጭ አለ። በማግስቱም ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ዋለች፤ ጭጭ። አባቷ ምሳውን ስትወስድለት የሚላት አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ከፈቱ?»

«እየከፈቱ ነው» ትላለች።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት የክፍሉ መስኮት በላብ ተሸፍኖ አገኘችው። ያ ላብ ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ፍሬው ውስጥ ገና ውሃ አለ ማለት ነው፤ በላዩ እሳት ከተጨመረበት ዘሩ አይደርቅም፣ ይቀቀላል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ይህንን ራሷ ናት የምታስተምረው። ከሰዓት በኋላ ግን መኪናው ናሙናውን ሊወስድ ይመጣል። እጇን መቆጣጠሪያው ላይ አሳረፈች። አምሳ። ጠበቀች። ስድሳ። «ትንሽ ብቻ፣ በሩ እስኪከፈትላቸው» አለች ለራሷ። ሰባ።

ረፋዱ ላይ ጣ አለ። ቀጥሎ ጣ፣ ጣ፣ ጣጣጣ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። ዲግሪ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ዘሩን አራግፋ፣ ክንፉን አሽታ አስለቅቃ፣ አበጥራ፣ ናሙናውን በከረጢት ስታደርግ ማኅተሙ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አሳረፈበት። ከቀረው አንድ እፍኝ ይዛ ወደ አባቷ ሮጠች።

«ከፈቱ አባዬ! እየው!»

ጋሼ ጉሬዛ አንዷን ዘር አንስቶ በፊት ጥርሱ ሰበራት። ለቃሚዎች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ብዙ አላመጣት። ከዚያ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ስንት ዲግሪ ነው ያደረግሽው?»

«አርባ» አለች።

በዲግሪ ዋሽታ አታውቅም ነበር። አባቷ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው» አለና ውሃ እንድትሰጠው ጠየቃት።

ከሃያ አራት ቀን በኋላ ማኅተሙ ወደ ማድረቂያው ክፍል መጣ። ወረቀቱን አላነበበላትም፣ እጇ ላይ አኖረላት። የተዘራ፣ አራት መቶ። የበቀለ፣ ምንም።

«ተሳስተው ይሆናል» አለች። «ደግመው ይሞክሩት። እባክዎ፣ ይጻፉላቸው።»

«የቀረው ዘርስ ከዚሁ ክፍል የወጣ አይደለም?»

«ነው።»

«በአንድ ላይ?»

«በአንድ ላይ።»

«እንግዲያ ምኑን ነው የሚደግሙት?» አለ ማኅተሙ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ኪሱን ያዘ። «መጋዞቹ ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ጋሼን ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ዲግሪ ግን የምትለቅመውም አልነበራትም። ቤት ገብታ ከአልጋው እግር ሥር ቁጭ አለች፣ ወረቀቱን ብርድ ልብሱ ላይ አደረገችው።

«ሰባ ነበር አባዬ» አለች። «አርባ ያልኩህ ሰባ ነበር።»

«አውቃለሁ። የተቆላ ጣዕም ነበረው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ የተቆላው ይበቅል ነበር? ሃያ ቀን እንኳ እንቅልፍ ተኚ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ዕንባዋ የመጣው። ስለ ዘሩም፣ ስለ ዳሌውም፣ «አንተ እኮ ጉሬዛ ነህ» ስላለችውም አንድ ላይ አለቀሰችው። አባቷ ጸጉሯን ዳበሰ። ድንገት ቀና አለች።

«የአሥራ አንደኛው ጫፍ አለ አይደል? አልነካኸውም።»

እጁ ጸጉሯ ላይ ቀጥ አለ። «አይሆንም።»

«ወሩ ሞልቷል አባዬ። ዛፉ ላይ ሆኖ ደርሷል። የነፋስ ድርሻው...»

«አይሆንም አልኩሽ! አንቺ መሰላል ላይ ጉልበትሽ የሚርድ ሰው ነሽ። የሞተ ዘር ይበቃኛል፣ የሞተ ልጅ አትጨምሪብኝ።»

በማግስቱ መጋዙ ከንጋት ጀምሮ ሲጮህ ቆይቷል፤ አባቷ ግን ገና አልነቃም ነበር። ቀበቶውን ከሚስማሩ ላይ አወረደች። የተበጠሰውን እሷው ራሷ በሽቦና በጠፍር ጠግናዋለች፤ ለምን እንደጠገነችው ያኔ አላወቀችም። የብረት ሹል ያለውን የመውጫ ጫማውንና ገመዱን በጉያዋ ይዛ ዳገቱን ወጣች። ስትደርስ ዐሥሩ ወድቀዋል። የተቆረጠው ግንድ ሙጫ እያለቀሰ፣ አየሩ ሁሉ ጥድ ጥድ ይሸታል። ባለመጋዙ አሥራ አንደኛው ሥር ተቀምጦ ሰንሰለት ይሞርዳል፤ ጆሮው ጥጥ የተወተፈበት ግዙፍ ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ልውጣበት።»

ጥጡን ከአንድ ጆሮው አወጣ። «ምን?»

«ጫፉ ላይ ፍሬ አለ። አባቴ ከዚህ ላይ ነው የወደቀው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ሰውየው ዛፉን አየ፣ እሷን አየ፣ የተጠገነውን ቀበቶ አየ። «እህቴ፣ ይሄ ዛፍ ዛሬ ይወድቃል። ከወደቀ በኋላ ከመሬት ልቀሚው።»

«ሲወድቅ ይረግፋል። በዚህ ግርግርና በእግር መሃል ዘር አይገኝም።»

ሞረዱን ትንሽ ጊዜ ግንዱ ላይ ቀጠቀጠው። «ሰንሰለቱን ሞርጄ እስክጨርስ» አለ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቀበቶውን ደህና አድርገሽ እሰሪ።» ሞረዱን ግን መሬት ላይ አስቀምጦ ገመዱን ያዘላት።

እንዴት እንደወጣች ብትጠየቅ አትናገርም። ሹሉ ግንዱን ሲወጋ፣ ቀበቶው ሲነሳ፣ እንደገና ሹሉ ሲወጋ። ወደ ታች አላየችም። ከጫፉ ዝቅ ብሎ የአባቷ እግር የሰበረውን የቅርንጫፍ ጉቶ አገኘችና ፊቷን ግንዱ ላይ ደፍታ እስኪያልፍላት ጠበቀች። ዛፉ ይወዛወዝ ነበር፤ ደረቅ ነፋስ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲነፍስ የሰነበተ። በመጨረሻ እጇን ስትዘረጋ አንድ ፍሬ ጣቷን ወጋት።

ቡናማ ነው። ደርሷል። ግን ቅርፊቱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ቀጥፋ ወደ ፊቷ አቀረበችው፣ ገለበጠችው፣ መዳፏ ላይ መታችው። ምንም። ሁለተኛውን ቀጠፈች፣ ሦስተኛውን። አሥራ አራት ፍሬ ነበሩ፤ አሥራ አራቱም ባዶ። በየቅርፊቱ ሥር ዘሮቹ ክንፋቸውን ዘርግተው የተኙባቸው ሁለት ሁለት ነጣ ያሉ ምልክቶች ብቻ ቀርተዋል። ለሁለት ዓመት የተዘጋው በር እሷ ወረቀት ስትጠብቅ ነው የተከፈተው።

«ምን አደረግሁህ!» ብላ ጮኸች፤ ለነፋሱ ይሁን ለእግዜር እሷም አታውቀውም። ከላይ ሆና ዳገቱ ሁሉ ይታያል፦ የተጋደሙት ግንዶች፣ ናዳው የቧጨረው ቀይ አፈር፣ ከግርጌው ጣሪያቸው፣ መስኮታቸው። በዚያን ሰዓት እጇን ብትለቅ ምን እንደሚጎድል ማሰብ አቃታት። ከታች ባለመጋዙ ገመዱን ሳብ፣ ሳብ አደረገው። ወረደች።

«አገኘሽ?»

ባዶዎቹን ከጉያዋ አውጥታ አሳየችው። ሰውየው ጥጡን ጆሮው ውስጥ መለሰ።

ቤት ስትገባ ከኋላዋ ዛፉ ሲወድቅ መሬቱ ሲናወጥ ተሰማት። አባቷ ነቅቷል፤ ከትራሱ ቀና ብሎ መስኮቱን ይዟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ሁሉንም አይቷል። ባዶዎቹን ፍሬዎች ብርድ ልብሱ ላይ ዘረገፈችለት።

«ምንም የለም አባዬ። አንዲትም አላስቀረልን። ነፋሱ ወስዶታል።»

ጋሼ ጉሬዛ አንዱን ፍሬ አነሳ። ዓይኑ ለቅርብ ስለደከመ አውራ ጣቱን በየቅርፊቱ ሥር አስገብቶ ዳሰሰ። «ሁለት» አለ። «እዚህም ሁለት። ሁለት።» ሌላውን አነሳ። «ሙሉ ነበር። አንዱም ጭንጋፍ አይደለም። ስንት ናቸው?»

«አሥራ አራት።»

«ነፋሱ ከየት በኩል ነበር የሰነበተው?»

«ከላይ። ወደ እኛ ወደ ታች።»

ፍሬውን ደረቱ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ሸፈነው። ዕንባው በነጩ ጢሙ ላይ ወረደ፤ ዲግሪ አባቷ እናቷ ከሞተች ወዲህ ሲያለቅስ አላየችውም ነበር። ግን እያለቀሰ ይስቅ ነበር።

«ያን ሁሉ ዳገት ስትወጪ ዘሩን በእግርሽ ረግጠሽዋል እኮ» አላት። «ከእንግዲህ እዚያ ስትሄጂ እያየሽ ርገጪ።»

ዲግሪ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የቀኝ ጫማዋን አወለቀች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችውና ከሶሉ ላይ በሙጫ የተጣበቀውን አፈር በጥፍሯ ቀስ እያለች መለየት ጀመረች።